አጎቴ የውሻ የትል መድኃኒት እየወሰደ ነው፤ «የላቦራቶሪ ወረቀት አለው» ይላል

ማርታ_ሜሪላንድ | ማክሰኞ ማታ 3፡12

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ የሕክምና ሰዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አጎቴ 67 ዓመቱ ነው። አምና የሳንባ ካንሰር ተገኘበት። በየሦስት ሳምንቱ ኢሚዩኖቴራፒ፣ ማለት የሰውነትን መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያነሳሳ መድኃኒት፣ ይወስዳል። ሐኪሟም «ጥሩ እየሄደ ነው» ብላዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ልጠጣ ቤቱ ሄድኩ። ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ፣ ከበርበሬው ዕቃ ጎን፣ አንድ ነጭ ፕላስቲክ ብልቃጥ አየሁ። «ፌንቤንዳዞል 222 ሚሊ ግራም፣ 90 ካፕሱል» ይላል። ከታች በደቃቅ ፊደል «ለሰው አይደለም» ተጽፎበታል። ጎግል ሳደርገው የውሻ የትል መድኃኒት ሆኖ አገኘሁት።

ስጠይቀው አልደበቀኝም። ቤተክርስቲያን የሚያገኘው ሰው «በውሻ መድኃኒት ከካንሰር ዳንኩ» ስለሚል የኦክላሆማ ሰው ቪዲዮ ልኮለት ነው የጀመረው። አራት ወር ሆኖታል። ለሐኪሟ ግን አልነገራትም። «ትቆጣኛለች» ይላል፣ እንደ ሕፃን።

አጎቴ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን ሰው አይደለም። 30 ዓመት መንገድና ድልድይ የሠራ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ወረቀት ካላየ አያምንም። ችግሩ ወረቀት አለው። ሻጩ ድረ ገጹ ላይ «በገለልተኛ ላቦራቶሪ የተመረመረ» ብሎ የለጠፈውን አትሞ ፋይል ውስጥ አስቀምጦታል። ንጽህና 99.6 በመቶ። እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ ሜርኩሪ፣ ካድሚየም፦ አልተገኘም። «አንቺ የምትውጪው ቫይታሚን ይሄን ያህል ተፈትሿል?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

ወረቀቱ ይታመናል? ምን ልበለው?

ፒያሳ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3፡20

99.6! እኔ ማትሪክ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር በሕልሜም አላየሁም። ቀልዱን ተይው፣ እግዜር ይማራቸው።

ጋሽ_ዳላስ | ማክሰኞ ማታ 3፡41

ልጄ ማርታ፣ አጎትሽን ተያቸው። በ2021 ኮቪድ ሲይዘኝ የከብት ዕቃ መሸጫ ሄጄ የፈረስ የትል መድኃኒት፣ ኢቨርሜክቲን፣ ገዛሁ። ያ በሲሪንጅ የሚመጣው፣ እንደ ጥርስ ሳሙና የሚጨመቀው። ፖም ፖም ይላል። ላስኩት። ይኸው አለሁ። መንግሥት «ፈረስ አይደላችሁም» ብሎ ሲያሾፍብን ከርሞ በኋላ ፍርድ ቤት ሲከሰስ በስምምነት ጽሑፉን አጥፍቶታል። የሰውም የፈረስም መድኃኒቱ ያው ነው፣ የሚሠራው ፋብሪካም ያው ነው። የሚለየው ሥዕሉና ዋጋው ብቻ ነው።

ሚዛን | ማክሰኞ ማታ 4፡30

አዲስ አበባ አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ 8 ዓመት ጥራት ቁጥጥር ላይ ሠርቻለሁ። አሁንም እዚህ ኒው ጀርሲ ያው ሥራ ላይ ነኝ። የምበላው እንጀራ ይሄ ወረቀት ስለሆነ ላስቸግራችሁ።

መጀመሪያ ለጋሽ ዳላስ። ግማሹ ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያለው የእንስሳት መድኃኒት የሚመረተው በቀልድ አይደለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለሰውም ለእንስሳም ያለቀለት መድኃኒት የሚያስገድደው የአመራረት ደንብ ተመሳሳይ ነው። ግን የማርታ አጎት የያዙት ብልቃጥ ፈቃድ ያለው የእንስሳት መድኃኒት እንኳ አይደለም። ፈቃድ ያለው ፌንቤንዳዞል ለውሻ የሚመጣው በፓኬት፣ በደቃቅ ፍሬ መልክ ነው። ይሄ አንድ ሰው ዱቄት በጅምላ ገዝቶ ካፕሱል የሞላው ነው። ለውሻም ለሰውም ያልተፈቀደ።

አሁን ወደ 99.6። ይህን ቁጥር የሚያወጣው መሣሪያ ኤችፒኤልሲ ይባላል። ናሙናው ይሟሟል፣ በቀጭን ቱቦ ይገፋል፣ ውስጡ ያሉት ነገሮች ተራ በተራ ይወጣሉ። እያንዳንዱ ሲወጣ ወረቀቱ ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ይሰላል። 99.6 ማለት መሣሪያው ካያቸው ተራሮች ሁሉ የትልቁ ድርሻ ነው። «ካያቸው» የሚለውን ልብ በሉ። ስታርች፣ ጨው፣ ውኃ በዚህ መሣሪያ ብርሃን አይታዩም። ግማሹ ዱቄት ስታርች ቢሆንም 99.6 ሊወጣ ይችላል። በውስጡ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ለማወቅ ሌላ ልኬት አለ፤ ከታወቀ መመዘኛ ጋር ማወዳደር ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ ይኖር ይሆን?

ቀሪዋ 0.4 በመቶስ? ለሰው መድኃኒት ዓለም አቀፉ መመሪያ እንዲህ ይላል፦ በዚህ መጠን በሚወሰድ መድኃኒት ውስጥ አንድ ባዕድ ነገር ከ0.15 በመቶ ካለፈ፣ ለሰው ጉዳት እንደሌለው አሳይ። ለእንስሳት ብቻ ለሚውል ግን ያው ገደብ 0.50 ነው። ስለዚህ 0.4 ሙሉውን አንድ ነገር ቢሆን፣ ለውሻ ማንም አይጠይቅም። ለሰው ቢሆን ግን እኔ ባቹን፣ ማለት በአንድ ዙር የተመረተውን ሁሉ፣ አስቆመዋለሁ። ያው ውጤት ለውሻ ሲሆን ያልፋል፣ ለሰው ሲሆን ይወድቃል።

ማርታ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንሺውና እነዚህን እይልኝ። የባች ቁጥሩ ከብልቃጡ ጋር አንድ ነው? ናሙናው ዱቄት ነው ወይስ ካፕሱል? ቀኑ መቼ ነው? ናሙናውን ማን ላከው?

ማርታ_ሜሪላንድ | ረቡዕ ጠዋት 1፡05

አየሁት። ናሙናው «ፌንቤንዳዞል፣ ነጭ ዱቄት» ነው የሚለው። ብልቃጡ ላይ የባች ቁጥር አለ፣ ወረቀቱ ላይ የለም። ቀኑ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የላኪው ስም በጥቁር ተሸፍኗል። የመጠን ልኬት የሚባል መስመር ጭራሽ የለም።

ሚዛን | ረቡዕ ጠዋት 1፡22

አጎትሽ መሐንዲስ ናቸው አልሽ አይደል? እንግዲህ በቋንቋቸው አናግሪያቸው። ኮንክሪት ሲሞላ ከዚያው ላይ ኪዩብ የሚባል ናሙና ይወሰዳል፣ ጥንካሬው እንዲታወቅ በ28 ቀኑ ይሰበራል። ተቋራጩ ከሁለት ዓመት በፊት የተሰበረ፣ የየትኛው ድልድይ እንደሆነ ያልተጻፈበት የኪዩብ ውጤት ቢያመጣላቸው ይፈርሙለት ነበር?

ሁለተኛውን ጥያቄ ቀስ ብለሽ አምጪው። ኪዩቡ የዚያው ድልድይ ቢሆንም የሚናገረው የኮንክሪቱን ጥንካሬ ነው። ድልድዩ ለእግረኛ ይሁን ለከባድ መኪና መነደፉን አይናገርም።

ፒያሳ_ልጅ | ረቡዕ ጠዋት 1፡30

ይሄ ሰው ለእኔም መድኃኒት ይመዝንልኝ።

የቢሾፍቱ_ሐኪም | ረቡዕ ቀን 6፡48

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሰው ለእኔ ሙያ ይሄን ያህል ፍቅር እንዳለው አላውቅም ነበር።

222 ከየት እንደመጣች ልንገራችሁ። የውሻው ፓኬት ደቃቅ ፍሬ 22.2 በመቶ ፌንቤንዳዞል ነው። ትንሿ ፓኬት 1 ግራም ናት፤ ውስጧ 222 ሚሊ ግራም አለ። የውሻ መጠን በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ነው፣ ለሦስት ቀን። አካፍሉት። ፓኬቷ የተሠራችው 4 ኪሎ ተኩል ለምትመዝን ውሻ ነው። ሌላ ምስጢር የላትም። ለሰው ስንት ይበቃል፣ ስንት ይበዛል፣ ለስንት ወር ይወሰዳል ብሎ አጥንቶ 222 ያለ የለም። ቪዲዮው ላይ ያለው የኦክላሆማ ሰው እጁ የገባችው ፓኬት እሷ ስለነበረች ነው። ለሦስት ቀን የተባለውን አጎትሽ አራት ወር ወስደውታል።

ደግሞም ፌንቤንዳዞል ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው። ለአንጀት ትል ስለሆነ ይሄ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ፣ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ ይገባል። አንድ ቀን በባዶ ሆድ፣ አንድ ቀን በክትፎ የሚውጠው ሰው ደሙ ውስጥ ያለው መጠን በየቀኑ ሊለያይ ይችላል።

ጋሽ ዳላስ፣ ስለ ፈረሱ እውነትዎን ነው፣ ኢቨርሜክቲን የሰው መድኃኒትም ነው። እኛ አገር በጥቁር ዝንብ የሚመጣውን የዓይን መታወር በሽታ ለመከላከል በነፃ ይታደላል። በኪሎ ሲሰላም መጠኑ ለፈረስም ለሰውም ተቀራራቢ ነው፣ በኪሎ 200 ማይክሮ ግራም። ግን ያቺ ሲሪንጅ ውስጥ 113 ሚሊ ግራም ገደማ አለ። የተሰላችው ለ567 ኪሎ ፈረስ ነው። 70 ኪሎ ሰው 14 ሚሊ ግራም ነው የሚደርሰው። ምልክቷ አንድ እርከን ሲገፋ ለ113 ኪሎ ነው የምትሰጠው። እርስዎ ስንት እርከን ገፉ?

ጋሽ_ዳላስ | ረቡዕ ከሰዓት 9፡15

እርከን እንዳለውም አላየሁ። በጣቴ ነው የላስኩት።

መምህር_ዘደብረማርቆስ | ረቡዕ ማታ 2፡10

ወገኖቼ፣ እናንተ ስለ ካፕሱል ስታወሩ እኔ የልጅነቴ ነገር ትዝ አለኝ። የገጠር ልጅ ነኝ። ለበሬዎቹ ከእንስሳት ጤና ኬላ የሚመጣ ትልቅ አረንጓዴ ኪኒን ነበር፣ አልቤንዳዞል። ከአውራ ጣቴ ይረዝማል። እናቴ በሽንኩርት ቢላዋ እንጨት ላይ አስቀምጣ ትከትፈዋለች። ለእያንዳንዳችን ቁራሽ። ለእኔ፣ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለእህቴ። የተረፈውን ፍርፋሪ በወረቀት ጠቅልላ ታስቀምጣለች። እሱም የኮሶን ምሬት የሚያስታውስ ሰው ዘንድ ማር ነበር።

አሁንም ገበያ ቀን እንዲሁ ሲደረግ አያለሁ። ለሰው የተሠራው አንድ ፍሬ ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጥበት ጊዜ እያለ! እዚያ መሄድ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ የበሬው ኪኒን ግን ቤት ውስጥ አለ። ዶክተር፣ ምን ሆነን ይሆን?

የቢሾፍቱ_ሐኪም | ረቡዕ ማታ 2፡45

መምህር፣ ያ ኪኒን 2500 ሚሊ ግራም ነው፣ ለ300 ኪሎ ገደማ ከብት የሚሆን። የሰው አንዱ ፍሬ 400 ነው። ስለዚህ ከስድስት በላይ ሰው ነው። እናትዎ እንዴት እኩል ከትፈውት ይሆን? ቢላዋ ስር የሚሰነጠቅ ኪኒን ትልቁ ቁራሽ ለትንሹ ልጅ የሚደርስበት ቀን አለ።

አንድ ቀን መውሰድ ብዙ ጊዜ ሆድ ቁርጠትና ማዞር አድርጎ ያልፋል። እኔን የሚያስፈራኝ እርጉዝ ሴት ናት። አልቤንዳዞል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይሰጥም። ጤና ጣቢያ ይጠይቃሉ፤ ኬላው ግን የሚጠይቀው ላሟ እርጉዝ መሆኗን ነው።

ደግሞ ሁሉም የከብት መድኃኒት አልቤንዳዞል አይደለም። ቲልሚኮሲን የሚባል የከብት አንቲባዮቲክ አለ። ጥራቱ እንከን የለውም። ሰው ላይ በስህተት ሲወጋ ግን ልብን ያቆማል፣ ማርከሻም የለውም። እሱን ስንይዝ እጃችን ይንቀጠቀጣል። «አንቲባዮቲክ አንቲባዮቲክ ነው» ለሚል ሰው ይሄን ንገሩልኝ።

ሚዛን | ረቡዕ ማታ 3፡30

ለመምህር፦ አገር ቤት የሰው መድኃኒት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይቆጣጠረዋል። የእንስሳቱ ወደ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ሁለት ቤት ነው። ጂማ ዩኒቨርሲቲም የመድኃኒት ጥራት የሚፈትሽ ላቦራቶሪ አለው። ግን የበሬውን ኪኒን ወስደው ቢያስፈትሹት የሚነግሩዎ 2500 ሚሊ ግራም መኖሩን ነው። ጥሩ የበሬ ኪኒን ነው ይሉዎታል።

ስለ ማሟሟያ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሌ ስለሚረሳ። በ1937 አሜሪካ ውስጥ አንድ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የሚባል የታወቀ መድኃኒት በፈሳሽ አድርጎ ሸጠ። መድኃኒቱ ደህና ነበር። ያሟሟበት ዳይኢቲሊን ግላይኮል ግን ከመቶ በላይ ሰው ገደለ፣ ልጆችም ጭምር። ጣዕሙን፣ ሽታውንና መልኩን አይተዋል፣ መርዝነቱን የፈተሸ አልነበረም። መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደህንነቱ ይታይ የሚለው የ1938ቱ ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የከብት መርፌም ማሟሟያው ለቆዳ ሥር እንጂ ለሆድ ታስቦ አይደለም። በ2021 አንድ ሰው የከብት ኢቨርሜክቲን መርፌ ጠጥቶ ግራ ተጋብቶ፣ የሌለ ነገር እያየ፣ እየተንቀጠቀጠ 9 ቀን ሆስፒታል እንደተኛ የአሜሪካው በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ በማስጠንቀቂያው ጽፎታል።

ናይት_ሺፍት | ሐሙስ ሌሊት 8፡50

ነርስ ነኝ፣ አሁን እረፍት ላይ ነኝ፣ አጭር ነው።

ማርታ እህቴ፣ ስለ ወረቀቱ ስትከራከሪ ቀን አይለፍ። ዋናው ኢሚዩኖቴራፒው ነው። ያ መድኃኒት ራሱ ጉበት ሊያስቆጣ ይችላል። ፌንቤንዳዞልም ጉበት ሊጎዳ ይችላል። በ2021 ከጃፓን የወጣ ሪፖርት አለ፦ የ80 ዓመት ሴት፣ የሳንባ ካንሰር፣ ያው ዓይነት ሕክምና ላይ። ጉበታቸው ተጎዳ። በኋላ ሲጠየቁ ለአንድ ወር ፌንቤንዳዞል ሲወስዱ ነበር። ሲያቆሙት ጉበቱ ተሻለ። ዕጢው ግን በመድኃኒቱ አልቀነሰም።

የኦክላሆማው ሰውም በዚያው ጊዜ የአዲስ ኢሚዩኖቴራፒ ሙከራ ውስጥ ነበር። ቪዲዮዎቹ ይህቺን ይዘሏታል። በኮሪያ ደግሞ ኪም ቹል ሚን የሚባል ኮሜዲያን በ2019 ሞክሮት አገር ምድሩ የውሻ መድኃኒት ፍለጋ ወጣ። አልሠራልኝም ብሎ ራሱ ተወው። በ2021 መጨረሻ ዐረፈ።

ለሐኪሟ ዛሬውኑ ይንገሯት። አትቆጣም። እኛ በየቀኑ የሚነገረን ነው፤ የሚያስደነግጠን ያልተነገረን ነው። ዓይናቸው ወይም ቆዳቸው ቢጫ ቢሆን፣ ሽንታቸው ቢጠቁር ቀጥታ ድንገተኛ። ሌሊት ጥያቄ ካላችሁ የመርዝ መረጃ መስመር 1-800-222-1222 ነፃ ነው፣ አስተርጓሚም አላቸው። 222 ደግሞ እዚህም መጣች።

ማርታ_ሜሪላንድ | እሑድ ማታ 1፡40

ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የኮንክሪቱን ነገር ነገርኩት። ዝም አለ። መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን እንደገና አነበበ። ከዚያ ተነስቶ ወርቅ መመዘኛ የምትመስል ትንሽ ሚዛን አመጣ፣ ለቡናው የገዛት። አሥር ካፕሱል ከብልቃጡ ቆጥሮ አወጣ። አንድ በአንድ ከፍቶ ዱቄቱን የሲኒ ማስቀመጫ ላይ እያራገፈ መዘነ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይጠራል። 0.22፣ 0.27፣ 0.19፣ 0.23፣ 0.31 አለና ሚዛኗን መታ መታ አደረጋት። እንደገና መዘነው። 0.31። ትንሹ 0.16 ነበር። ወጥ ቤቱ ነጭ በነጭ ሆነ፣ አክስቴ ጮኸች።

«እኔ ሳይት ላይ ይሄን አልቀበልም» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ሚዛን | እሑድ ማታ 1፡58

ለካፕሱል ፋብሪካ የምናውቀው የቆየ ልማድ ከአማካዩ 10 በመቶ ወዲያና ወዲህ ነው። አጎትሽ የመዘኑት እጥፍ ገደማ ልዩነት አለው። ያውም የተመዘነው ዱቄቱ እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። ከጡረታ ወጥተው ለእኔ ክፍል ቢያመለክቱ እቀጥራቸዋለሁ።

ማርታ_ሜሪላንድ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ

ለጠየቃችሁኝ። ካፕሱሎቹን በመዘነ ማግሥት፣ ሰኞ ዕለት፣ ሐኪሟ ጋ አብሬው ሄድኩ። ብልቃጡን በላስቲክ ይዞ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። ሐኪሟ አልተቆጣችም፣ ኮምፒውተሯን ዞር አድርጋ አሳየችን። የጉበቱ ኢንዛይም ባለፉት ሁለት ምርመራዎች እየወጣ ነበር። ኢሚዩኖቴራፒው መስሏት ሕክምናውን ልታቆምና የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ ስቴሮይድ ልትጀምርለት እያሰበች ነበር። የሚሠራለትን መድኃኒት ልታቆም!

ፌንቤንዳዞሉን ካቆመ ሦስት ሳምንቱ ነው። ቁጥሩ ወርዷል፣ ገና ልክ አልገባም። ሕክምናው አንድ ዙር ዘገየ። አጎቴ አሁንም ትንሽ ኩርፊያ አለው። ቪዲዮውን ለላከለት ሰው ግን የአሥሩን ካፕሱል ሚዛን በሠንጠረዥ ሠርቶ፣ ከአማካይና ከልዩነት ጋር፣ ፈርሞ ልኮለታል።

ጋሽ_ዳላስ | ዓርብ ማታ 2፡20

እንኳን ተረፉ። እኔም ያቺን ሲሪንጅ መሳቢያ ውስጥ አገኘኋት። ጊዜዋ አልፏል። ግማሽ ያህል ቀርታለች። ፈረስ የለኝም። ሽንት ቤት ልጣላት?

የቢሾፍቱ_ሐኪም | ዓርብ ማታ 2፡31

ኧረ በፍጹም ጋሼ! ዓሣ ትጨርሳለች፣ ማስጠንቀቂያው ራሱ ይላል። አጠገብዎ ያለውን ፋርማሲ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ። እስከዚያው ክዳኗን ዘግተው ልጅም ውሻም የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጧት። እባክዎ ጣትዎንም ይታጠቡ።